ሐዋሳን በእግር፦ ከሐይቁ ዳር እስከ ታቦርና አላሙራ ጫፍ

ታቦር ተራራ ላይ ለመውጣት ሰው ሁሉ የሚመርጠው ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ከላይ ሆኖ ለማየት። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማደርገው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ ወጣሁ። ጀምበሯን አየን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ስንወርድ ጨለመብን። የታቦር መንገድ ቁልቁለቱ ላይ እንደ ጤፍ የሚንሸራተት ልቅ ጠጠር አለው። በስልክ መብራት እየመራኋት ሳለ እግሯ ከዳትና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። በቀን ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን ቀሪ መንገድ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ወረድነው። ለሦስት ቀን ያቀድነው ጉብኝት በዚያው አልጋ ላይ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣብኝ በማለዳ እንጂ በማታ አላወጣም። ደግሞ ሲለመድ የማለዳው ይበልጣል። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው ያለችው። ጠዋት ታቦር ላይ ቆማችሁ ወደ ሐይቁ ስታዩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ ውሃው፣ ጀልባው፣ ማዶ ያለው ኮረብታ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማታ ግን ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችሁ ነው የምትሆነው፤ ሐይቁ እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል እንጂ ምኑም አይለይም። ከታች የምዘረዝረው የሦስት ቀን የእግር ጉዞ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ ማለዳ ተነሡ፣ ነፋስና ሙቀት ሳይመጣ ጨርሱ፣ ከሰዓቱን ለዕረፍት ተዉት። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ፦ ወሩንና ሳምንቱን ምረጡ

ምርጡ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ዝናብ እምብዛም የለም፣ ማለዳው ቀለል ያለ ጃኬት ያስለብሳል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ይጠናል፤ የምትመጡት ያን ጊዜ ከሆነ ሁሉንም ነገር በአንድ ሰዓት አስቀድሙት። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ይከተላል፣ ቀጥሎም ክረምቱ። ክረምት ላይ መራመድ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚጥል ጠዋቱ ይገኛል፤ ግን የታቦርና የአላሙራ መንገድ ያድጣል። ለደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13፣ የስሙ ነገር ስቧቸው ታቦርን ሊወጡ የሚነሡ አሉ። የልብን መሻት አከብራለሁ፤ ጥርስ ያለው ሶል ያለው ጫማና ዱላ ግን ያስፈልጋችኋል።

ሁለት ሳምንታትን አስቡባቸው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው። ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች፤ አልጋ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ለመንገድ ብቻ የምትመጡ ከሆነ ሳምንቱን ዝለሉት፤ ለንግሥ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ከበዓሉ ማግስት አንድ ቀን ጨምሩና ሐይቁን አዳርሱ። ሌላው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ ነው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቀኑ ቋሚ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ አይተው ነው የሚወስኑት። በዓሉ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ጉዱማሌ ላይ ስለሚከበር፣ ከገጠማችሁ የሐይቅ ዳሩን ጉዞ ትታችሁም ቢሆን እሱን እዩ። «ዳኤ ቡሹ» ሲሏችሁ እንኳን ደኅና መጣችሁ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛ፦ ከቀትር በኋላ ድረሱ፣ በጊዜ ተኙ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመኪና በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርጋችሁ ነው የምትመጡት፤ አውሮፕላንም አለ። በመኪና የሚመጣ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ ቢደርስ ጥሩ ነው። ያን ቀን ምንም አታቅዱ። መንገድ ያደከመው እግር ተራራ አይወድም። ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ወርዳችሁ ቡና ጠጡ፣ የሐይቁን አቅጣጫ ልመዱት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተኙ።

ስለ ከፍታው አትጨነቁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እዚህ ትንፋሹ ይበልጥ ይከፈትለታል። የሚያደክመው ፀሐዩ ነው።

ሦስተኛ፦ የሚያዝ ነገር

ከሁሉም በላይ ውሃ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ሃይላንድ ያዙ፤ ለሐይቅ ዳር አንድ ይበቃል፣ ለአላሙራ ግን ሁለት ሊትርም አይተርፍም። ጫማ ውድ መሆን የለበትም፤ ሶሉ ያላለቀና ጣት ጫፍ ላይ የማይጠብ ስኒከር ይበቃል። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ እዚያው ቀን አታድርጉት፤ እቤት ሳምንት ልመዱት። ሱሪ ረዥም ይሁን፣ እሾህና ሣር አለ። ባርኔጣ፣ አነስተኛ የእጅ ባትሪ፣ የገብስ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ መታወቂያ፣ ዝርዝር ብር። ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጉት።

የወባ ትንኝ ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ስላለች፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ውጪ የምትቀመጡ ከሆነ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። እና አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ሐይቁ ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ። ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ልክ ሰው መንከር በሚወድበት ቦታ፣ ጥልቀቱ ትንሽ በሆነና ሣር ባለበት ዳር ነው፤ ከእነሱ የወጣው ትል በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል። ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ ውሃውም ይስባል። ልጆቻችሁን ግን ያዙ።

የመጀመሪያው ማለዳ፦ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ

በባጃጅ አሞራ ገደል በሉ፤ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ብትሆኑ መልካም ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዋናው ነገር ያልቃል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ዘርግተው ነው የሚያድሩት፤ ጠዋት ሰብስበው ይመጣሉ። ጀልባው ዳር ሲጠጋ መረቡ ክምር ሆኖ መሐሉ ላይ ይታያል፤ ዓሣው እንደ ቁልፍ በየቀዳዳው ተሰክቷል። አንዱ ይዞ ይዘረጋል፣ ሌላው በአውራ ጣቱ ጭንቅላቱን ገፋ እያደረገ አንድ በአንድ ያወጣዋል።

ሦስት ዓይነት ዓሣ ለይታችሁ ዕወቁ። ጠፍጣፋው፣ ብርማው ቆሮሶ ነው፤ ገበያው በአብዛኛው የእሱ ነው። ሪዛሙ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጥቁረት ያለው አምባዛ ነው። ቢልጫ ደግሞ ረዘም ያለ፣ ሥጋው ውስጥ እሾህ የሚበዛበት ነው። ቆሮሶ የሚበልቱትን ወጣቶች ቆማችሁ እዩ። አንዱን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዕድሜው ሃያ አይሞላም። ዓሣውን እንጨት ላይ ያጋድምና ቢላዋውን ከጭንቅላቱ ኋላ አስገብቶ አጥንቱን እየታከከ እስከ ጅራት ይነዳዋል፤ ሥጋው እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ቆዳውን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ በሌላው ቢላውን አጋድሞ ይገፋል። ሁለት ንጹሕ ሥጋ፣ አንድ አጽም። ሁሉም ነገር ከደቂቃ በታች ነው፤ ዓይኑ ግን ከሚያወራው ሰው ላይ አይነሣም።

አጽሙ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት አባ ኮዳዎች ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከትንሽ ልጅ ይበልጣል፤ ራሳቸው መላጣ ነው፣ ከአንገታቸው ሥር ደግሞ እንደ ኮዳ የተንጠለጠለ ቀይ ከረጢት አላቸው። ሰው አይፈሩም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ዓሣ በእጁ ይዞ እንዳይቆም፤ ምንቃራቸው ረዥምና ጠንካራ ነው፣ የሚፈልጉት ዓሣውን ቢሆንም ጣትን አይለዩም።

ቁርስ እዚያው ነው። ሾርባው ትኩስ ነው፣ ጥብሱም እዚያው ሲጠበስ ታያላችሁ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ያደጉበት ነውና አልወቅሳቸውም። ከሩቅ ለመጣና ነገ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን ጥብሱን እመክራለሁ። ዳጣውን ከጥብሱ ጋር ጠይቁ።

ከዚያ መራመድ ጀምሩ። ሐይቁን በአንድ ጎን ይዛችሁ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ዳገት የለበትም፤ ከአረጋውያንም ከሕፃናትም ጋር ይኬዳል። ሐይቅ ዳሩ ላይ የአፈር ክምሩ ከፍ ብሎ የምታዩት ለጌጥ አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ውሃው ይነሣል፣ ከተማውንም ያሰጋል፤ ክምሩ የተሠራው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት መውጫ የሌለው ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ጎረቤቶቻችን ሻላና አብጃታ እንደዚያ ናቸው። የሐዋሳ ግን ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው፤ ከሥር በመሬት ውስጥ ስለሚሰርግ ጨው አይጠራቀምበትም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ዓሣውም ወፉም ለምን እዚህ እንደበዛ የገባኝ።

ፊላው አጠገብ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ወፍ ውሃው ላይ ክንፏን እያርገፈገፈች አንድ ቦታ ተንጠልጥላ ትቆያለች፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወድቅና ትንሽ ዓሣ ይዛ ትነሣለች። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስር ከፍ ካለ ዛፍ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። ሾላውና ዋርካው ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጉሬዛው ከላይ ነው፣ ቅጠሉን ይበላል፣ ከሰው ጉዳይ የለውም። ጦጣው ግን የቦርሳ ዚፕ መክፈት ይችላል። የእህቴ ልጅ ሙዝ ስትልጥ አንዱ ከኋላ መጥቶ ሙዙን ሳይሆን ሙሉ ፌስታሉን ነው ይዞ የሄደው። ምግብ በፌስታል አትያዙ፤ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳውም ትከሻ ላይ። ለጦጣ ምግብ አትስጡ፤ አንዴ የተሰጠው የሚቀጥለውን ሕፃን ይቀማል።

እየቆማችሁ ከሄዳችሁ ፍቅር ሐይቅ ስትደርሱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ነው። ለምን ቢባል ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይነሣል፣ ቦታውን ለመሙላት ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ማዕበሉ ትናንሽ ጀልባዎችን ያስጨንቃል። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አራት ሰዓት ላይ ጀልባ ልንይዝ ስንደራደር አይተውን፣ «ልጆቼ፣ ብትሄዱ ሂዱ፣ ግን ነፋሱ ሳይነሣ ተመለሱ» አሉን። «ስንት ሰዓት ይነሣል አባባ?» ብላቸው ወደ ውሃው ጠቆሙኝ፦ «እዚያ ማዶ ጠቆር ያለ መስመር ስታይ ተነሥቷል ማለት ነው።» ያ መስመር ከሩቅ እንደ ጥላ ነው የሚታየው፤ ሲቀርብ ማዕበል ነው። ዋጋውንና ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ ሳትሳፈሩ ተስማሙ፣ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለው ሌላ ጀልባ ይፈለግ።

ጉማሬ ለማየት ብዙ ሰው ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ይሄዳል። በጀልባ ሂዱ፣ ጀልባውም እንዳይጠጋ ንገሩት። በእግር ግን ጠዋት ማልዶና ምሽት ላይ በዚያ በኩል ሣር ውስጥ አትግቡ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ወደ ውሃው በሚመለስበት መንገድ ላይ ቆሞ ያገኘውን ሰው አይምርም። አስጎብኚ ቢኖራችሁም ይህ ደንብ አይቀየርም።

ሁለተኛው ማለዳ፦ ታቦር

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግርጌው ላይ ሁኑ። ገና ሊነጋ ሲል ስለሆነ ባትሪው ያስፈልጋችኋል። ብቻችሁን አትውጡ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሁኑ፣ ከተማውን የማታውቁ ከሆነ ያደራችሁበት ሆቴል የሚያውቀውን አንድ ልጅ ይላክላችሁ። ካሜራና ስልክ በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ አያስፈልግም።

መንገዱ አንድ አይደለም፤ እግር የጠረጋቸው ብዙ መስመሮች አሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄደው አጭር ይመስላል፤ ጠጠሩ የሚበዛው ግን እሱ ላይ ነው። ጎን ለጎን እየዞረ የሚወጣውን ምረጡ። ዳገት ስትወጡ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱ። በዚህ አካሄድ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እናቴ ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ወጥታዋለች፤ አራት ጊዜ ቆማ፣ ሰዓቷን ወስዳ።

ጫፉ ላይ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ከተማዋ ከሥራችሁ ናት፤ መንገዶቿ በመስመር የተቀደዱ መሆናቸው ከላይ ነው በደንብ የሚገባው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፕላን የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። ከከተማው ባሻገር ምሥራቁን እንደ ግድግዳ የዘጋው የወንዶ ገነት ተራራ ነው፤ ፀሐይዋ በእሱ ላይ ነው የምትወጣው። አሁን ወደ ምዕራብ ዙሩ፣ ሐይቁ። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከሃያ ሜትር ብዙ አያልፍም። ወደ ሰሜን ማዶ የኮርቤቲ ኮረብታዎች ይታያሉ፤ እሳተ ገሞራ ናቸው፣ ዛሬም እንፋሎት የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ።

እዚህ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ነገር አስቡ። የምታዩት ሜዳ ሁሉ፣ ሐይቁም ከተማውም፣ ከሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶና ወደ ውስጥ ሰምጦ የተወው ጎድጓዳ ነው። የወንዶ ገነቱ ግድግዳ የዚያ ጎድጓዳ ከንፈር ነው። ትናንት ሐይቅ ዳር ስትሄዱ የጎድጓዳው ወለል ላይ ነበራችሁ፤ ዛሬ መሐሉ ላይ ካለች ጉብታ ላይ ናችሁ፤ በመጨረሻ ወንዶ ገነት ከሄዳችሁ ከንፈሩ ላይ ትወጣላችሁ። ለእንግዶቼ ይህን ስነግራቸው ነው የወንዶ ገነቱን ቀን እሺ የሚሉኝ።

ስለ መውረዱ። አደጋው ያለው እዚያ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ምስክሬ ናት። ጉልበታችሁን ጥቂት አጥፉ፤ የቀጥታ ቁልቁለት ላይ ጎናችሁን ሰጥታችሁ እንደ ደረጃ ውረዱ። ክብደታችሁ ወደ ኋላ ከሄደ ተረከዝ ይንሸራተታል፤ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉ። ዱላ ካላችሁ ከእግራችሁ ቀድሞ ይረፍ። ከፊት ካለው ሰው ጥቂት ሜትር ራቁ፤ የምታንከባልሉት ጠጠር እሱን ነው የሚያገኘው። ቁርጭምጭሚታችሁ ቢዞርባችሁ ጫማውን እዚያው አታውልቁ፤ ካበጠ አይገባም። አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ተደግፋችሁ ውረዱ፣ ከታች ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት፤ መርገጥ ካቃታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታች ናችሁ። ከሰዓቱን ተኙ፣ የገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ተሳለሙ፣ ወይም አቮካዶ ጭማቂ ይዛችሁ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ሦስተኛው ማለዳ፦ አላሙራ

አላሙራ በከተማዋ ደቡብ በኩል ያለው ተራራ ነው፤ ከታቦር ከፍ ይላል፣ ሰው የሚያገኘውም ያነሰ ነው። በዚህም ምክንያት ይበልጥብኛል፤ በዚህም ምክንያት ብቻችሁን አትሂዱ እላለሁ። የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ውሰዱ። መንገዱ በሰው ማሳ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ መሪው ሰላምታ የሚሰጥላችሁም ነው። በቆሎና እንሰት አትርገጡ፣ ሰው በሥራ ላይ ሳለ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ድሮን አታስነሡ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ግርጌ ላይ ሁኑ። እየቆሙ ለሚወጡ ሰዎች ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ግማሽ ውሃችሁ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ሊኖር ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ሃይላንድ፣ ለዚያውም አራት ሰዓት ላይ ጀምሬ ወጥቻለሁ፤ ስመለስ ራሴን እየወቀረኝ፣ ከንፈሬ ተሰንጥቆ፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት ገብቼ ውሃ ለመንሁ። እናትየዋ ውሃ ብቻ አልሰጡኝም፤ «በባዶ ሆድህ አትጠጣ» ብለው ቆጮ አቅርበው እስክበላ ቆሙብኝ። ራስ ምታት ከጀመራችሁና ላብ ካቆማችሁ ጫፉን እርሱት፤ ጥላ ፈልጉ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ፣ ውረዱ።

ከላይ የሚታየው ከታቦር የተለየ ነው። ታቦር ላይ ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጀልባ ትቆጥራላችሁ፤ አላሙራ ላይ ግን ሐይቁ ሙሉ ቅርጹ ይገባችኋል፣ ታቦር ራሱ ዳሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ጉብታ ሆኖ ይታያል። ትናንት የቆማችሁበትን ጫፍ በጣታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ሦስት ሰዓት ላይ መውረድ ጀምሩ።

ጉልበት ከተረፈ፦ ወንዶ ገነት

ይህ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍራችሁ፣ ከዚያ ለወንዶ ገነት የሚጫነውን ትይዛላችሁ። ቡድን ከሆናችሁ መኪና ተኮናተሩ፣ ሰዓታችሁን ይቆጥብላችኋል። ወንዶ ገነት በፍል ውሃው ነው የሚታወቀው፤ የደን ኮሌጁም እዚያው ነው። ከፍል ውሃው በላይ ያለው ደን ውስጥ ዝግባና ሌላም አገር በቀል ዛፍ አለ፤ ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ ትልቅ ምንቃር ያላቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ታያላችሁ። መሪ ሳትይዙ ወደ ላይ አትውጡ፤ ደኑ ውስጥ መንገዶቹ ይመሳሰላሉ፣ ኔትወርክም ይቆራረጣል። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም መሆኑንም ማታውኑ ከሆቴላችሁና ከሾፌሮች ጠይቁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ተራራው፣ በኋላ ፍል ውሃው። ገላን በፍል ውሃ አላልቶ ዳገት መውጣት ያዞራል። ስትወርዱ ግን ላቡ ይድረቅ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ ግቡ። ምንጩ ራሱ ዘንድ ያለው ውሃ ያቃጥላልና እጃችሁን አትክተቱ፤ የሚታጠቡበት ቦታ ተለይቶ ተሠርቷል። እግራችሁ ቆስሎ ወይም ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ፕላስተሩን ከታጠባችሁ በኋላ ቀይሩት።

የመመለሻ ታክሲ ማታ ይመናመናል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከወንዶ ገነት ብትነሡ ሳይጨልም ሐዋሳ ትገባላችሁ፤ ከዚያ በላይ ለመቆየት ከፈለጋችሁ አልጋ ይዛችሁ እዚያው እደሩ።